ከግዛት ወደ ግዛት ሲዛወሩ የጤና ኢንሹራንስን ስለ መጠበቅ



ሰው ቤት ሊለውጥ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዕቃው ነው። አልጋው በየትኛው መኪና እንደሚጫን፣ ብርጭቆው በምን ተጠቅልሎ ሳይሰበር እንደሚደርስ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ከአዲሱ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላስላል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን በመኪና የማይጫን፣ በዓይን የማይታይ፣ ሲጠፋም ድምፅ የማያሰማ አንድ ንብረት አለ። እርሱም የጤና ኢንሹራንስ ነው። እነሆ ዛሬ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ግዛት ስለሚዛወሩ ወገኖቻችንና ስለዚሁ ንብረታቸው ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ።

ምናልባት «የአሜሪካን አገር ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ልጅ ወይም ወንድም ያለው ቤተ ሰብ በመካከላችን ብዙ ነው። እነርሱም በአንድ ቦታ ተቀምጠው አይቀሩም። ሥራ ፍለጋ፣ ቤት ኪራይ ሽሽት፣ ዘመድ ናፍቆት ከግዛት ወደ ግዛት ያዘዋውራቸዋል። በዚያ የታመመ ሰው የሆስፒታል ዕዳ በወደቀበት ጊዜ ጭንቀቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህ ያለችውን እናቱን እንቅልፍ ይነሣታል። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያነሣሣኝ በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ነገር ነው። በሜሪላንድ ግዛት በአንድ ድርጅት ስድስት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በቴክሳስ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ተነሣ። ዕቃውን በሥርዓት ጫነ፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት አስቀድሞ አስመዘገበ። ስለ ኢንሹራንሱ ግን «አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ይሰጣል ብለውኛል፤ ምን አሳሰበኝ?» ብሎ ተወው። እውነትም አዲሱ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ይሰጥ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ሠራተኛው ዘጠና ቀን ከሠራ በኋላ ነው። በአምስተኛው ሳምንት በአንድ ሌሊት ሆዱን ቈረጠው። ትርፍ አንጀት ኖሮ በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ነፍሱም ተረፈች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሂሳቡ ወረቀት መጣ። ለእናቱ በስልክ ሲነግራት፥ «ቍጥሩን ላምነው አቅቶኝ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ» አላት። አክስቴም እያለቀሰች ወደ እኔ ደወለች። ፍጻሜውን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ስለ ነገሩ ሥር እንነጋገር።

በአገራችን የእድርን ሥርዓት የማያውቅ የለም። በአንድ ሰፈር እድር ውስጥ ሃያ ዓመት ያዋጣ ሰው ሰፈር ቢለውጥና በአዲሱ ሰፈር ኀዘን ቢደርስበት፣ የአዲሱ ሰፈር ዳኛ «ስምህ በመዝገባችን የለም» ቢለው ሊቈጣ አይችልም። ድንኳኑ የዚያ ሰፈር ነው፤ ወንበሩም የዚያ ሰፈር ነው። የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስም በብዙው ነገር እንዲሁ ነው። አገሪቱ አንድ ብትሆንም ኢንሹራንስን የመቈጣጠር ሥልጣን በአብዛኛው የየግዛቱ ነው፤ ይህንንም በ1945 ዓ.ም. የወጣው የማካራን-ፈርጉሰን ሕግ አጽንቶታል። ስለዚህ ወገኖቻችን «ስቴት» የሚሉትን ግዛት የለወጠ ሰው ገንዘቡ ያው ዶላር፣ ቋንቋው ያው እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ የኢንሹራንሱ መዝገብ ግን ይለወጥበታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንሹራንሴ ከየት የመጣ ነው?» የሚለው ነው። መልሱ እንደ ምንጩ ይለያያልና እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው ከመሥሪያ ቤት የሚገኝ ኢንሹራንስ ነው። ሰውየው በዚያው መሥሪያ ቤት እየሠራ ግዛት ብቻ የለወጠ እንደ ሆነ ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ አይቋረጥም። ሆኖም ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸው ሐኪሞች በአዲሱ ከተማ መኖራቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ኢንሹራንስ በመላ አገሪቱ ሐኪሞች አሉት፤ አንዳንዱ ግን ከአንድ አውራጃ አይወጣም። ሥራውን የለቀቀ ሰው ደግሞ የቀድሞው ኢንሹራንስ የሚያበቃው በለቀቀበት ዕለት ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ? አዲሱስ የሚጀምረው በስንተኛው ቀን ነው? እነዚህን ሁለት ቀኖች በጽሑፍ መቀበል አለበት። ሕጉ አሠሪው ሠራተኛውን ከዘጠና ቀን በላይ እንዲያስጠብቀው አይፈቅድም፤ ነገር ግን ዘጠና ቀንም ቢሆን ለበሽታ ረጅም ጊዜ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ኮብራ የተባለ ሕግ አለ። ስሙ የእባብ ቢመስልም ሥራው የሚጠቅም ነው። በ1986 ዓ.ም. የጸደቀው ይህ ሕግ፣ ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት መሥሪያ ቤት የለቀቀ ሰው የቀድሞ ኢንሹራንሱን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር እንዲያስቀጥል ይፈቅድለታል። ዋጋው ግን ይከብዳል። አሠሪው ይከፍለው የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን ገንዘብ፣ በላዩም እስከ ሁለት በመቶ የአስተዳደር ወጪ ራሱ ሰውየው ይከፍላል። ለመወሰን 60 ቀን ይሰጠዋል። የሚቈጠረውም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ወይም ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ነው። በጊዜው ወስኖ ገንዘቡን ከከፈለ ኢንሹራንሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተቋረጠበት ዕለት ጀምሮ ይጸናል።

ሁለተኛው ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ ከኢንሹራንስ ገበያ የሚገዛው ነው። ይህ ገበያ በ2010 ዓ.ም. በወጣው የጤና ሕግ የተቋቋመ ሲሆን መንግሥት እንደ ገቢው መጠን በዋጋው የሚረዳው ሰው አለ። ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ የየራሳቸው ገበያ አላቸው። ቨርጂኒያ በ2023፣ ጆርጂያ በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ከፍተዋል። ቴክሳስ ግን ሄልዝኬር ዶት ገቭ በተባለው በፌዴራሉ መንግሥት ገበያ ይጠቀማል። በአንዱ ግዛት የተገዛ ኢንሹራንስ ወደ ሌላው ግዛት አይተላለፍም። በአዲሱ ግዛት አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ግዴታ ነው።

ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነው ዓመታዊ ምዝገባ በአብዛኛው ግዛት ኖቬምበር 1 ቀን ይጀምራል፤ የሚዘጋበት ቀን ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። በሌላው ጊዜ የተዛወረ ሰው ከተዛወረበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን ልዩ የምዝገባ ጊዜ ይሰጠዋል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ከመዛወሩ በፊት በነበሩት 60 ቀኖች ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ኢንሹራንስ የነበረው መሆኑን ማስረዳት ይጠየቃል። ከውጭ አገር የገባ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ «ልሄድ ነውና ለዚህ ወር ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ኢንሹራንሱን ከብዙ ቀን በፊት የሚያቋርጥ ሰው፣ ከገንዘቡ ጥቂቱን አተረፍሁ ሲል የመግቢያውን በር በራሱ ላይ ይዘጋል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ በተዛወሩበት ምክንያት የሚገዛ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተመረጠ በኋላ ባለው ወር መጀመሪያ ነው፤ እንደ ኮብራ ወደ ኋላ አይመለስም። በወሩ ሦስተኛ ቀን የመረጠ ሰው ቀሪውን ወር ሁሉ ይጠብቃል። በተጨማሪም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ከኪሱ የሚከፍለው፣ በዚያ ያሉት «ዲደክቲብል» የሚሉት ገንዘብ፣ ኢንሹራንሱ ሲለወጥ እንደ ገና ከባዶ መቈጠር ይጀምራል። እንግዲህ ቀኑ ያልተቈረጠ ቀዶ ጥገና ያለበትና የዓመቱን ድርሻ ከፍሎ የጨረሰ ሰው፣ ከሐኪሙ ጋራ ተማክሮ ከመዛወሩ በፊት ቢታከም ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሦስተኛው ሜዲኬይድ ነው። ይህ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. በፈረሙት ሕግ ተቋቋመ። ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቱ ይጋራሉ፤ የሚያስተዳድረው ግን ግዛቱ ነው። ስሙ እንኳ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በካሊፎርኒያ ሜዲ-ካል፣ በሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ ይባላል። የአንዱ ግዛት ካርድ በሌላው ግዛት፣ ከድንገተኛ ሕመም በቀር፣ ብዙ ጊዜ አያገለግልም። በሁለት ግዛት ባንድ ጊዜ መመዝገብም አይፈቀድም። ስለዚህ በቀድሞው ማዘጋት፣ በአዲሱ ወዲያው ማመልከት ያስፈልጋል። አዲሱ ግዛት «መጀመሪያ ይህን ያህል ወር ኑር» ብሎ ማስጠበቅ አይችልም፤ በዚያ ለመኖር አስቦ መግባቱ ይበቃል። ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ በ45 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት።

ዋናው አደጋ ግን ሕጉ ከግዛት ግዛት እኩል አለመሆኑ ነው። የ2010 ዓ.ም. ሕግ ሜዲኬይድን ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 138 በመቶ ለማይበልጥ አዋቂዎች ሁሉ እንዲሰፋ አድርጎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ዓ.ም. ግዛቶች ይህን እንዲቀበሉ አይገደዱም ብሎ ፈረደ። እስከ 2025 ዓ.ም. መጨረሻ አሥር ግዛቶች አልተቀበሉትም፤ ከእነዚህም ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያና ቴነሲ ይገኙበታል። እንግዲህ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ በሜዲኬይድ ይታከም የነበረ ጤነኛና ልጅ የሌለው አዋቂ ሰው ወደ ቴክሳስ ቢዛወር፣ የቱንም ያህል ድሀ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም። ገቢውም ከድህነት መስመሩ በታች ከሆነ የገበያው የዋጋ እርዳታ በአብዛኛው አይደርሰውም። ከሁለቱም በር ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ልጆቹና ነፍሰ ጡር ባለቤቱ ግን የተለየ ደንብ ስላላቸው ሊያገኙ ይችላሉና፣ አባት «አይሆንም» ስለ ተባለ ለልጆቹ ሳያመለክት መቅረት የለበትም። ባንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች በሦስት ልዩ ልዩ ኢንሹራንስ ሥር መገኘታቸው በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ መኖሪያ ፈቃድም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ጁላይ 4 ቀን 2025 ዓ.ም. የተፈረመው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴራሉ ሜዲኬይድ ሊጠቀሙ የሚችሉትን የውጭ አገር ተወላጆች ዓይነት ያጠብባል። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችም ከሚነኩት መካከል ናቸው። አንዳንድ ግዛት በራሱ ገንዘብ የሚረዳቸው ሰዎች ስላሉ፣ እንዲህ ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ከመዛወሩ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያማክር ይበጀዋል።

አራተኛው ሜዲኬር ነው፤ ይህ በተለይ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ አረጋውያንን የሚመለከት ነው። ልጆቻቸውን ተከትለው የሚዛወሩ እናቶችና አባቶች ዋናው ሜዲኬር በመላ አገሪቱ እንደሚሠራ ይወቁ። ነገር ግን ለመድኀኒት የተጨመረው ኢንሹራንስና በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ በአካባቢ የተወሰኑ ናቸው። ስለ መዛወራቸው አስቀድመው ያስታወቁ እንደ ሆነ፣ ከሚዛወሩበት ወር በፊት ካለው ወር ጀምሮ እስከ ተዛወሩ በኋላ ሁለት ወር ድረስ ሌላ መምረጥ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ ጉዳዩ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰውን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ያለውን እንመልከት። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ ተነሥቶ በሜሪላንድ ወደምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱን ያዛወረ ሰው የተሻገረው የፖቶማክን ወንዝ ብቻ ነው። ሥራው አልተለወጠም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አልተለወጠም፤ እንጀራ የሚገዛበት ሱቅም ያው ሊሆን ይችላል። የኢንሹራንስ ገበያውና ሜዲኬይዱ ግን ተለውጠዋል። ይባስ ብሎ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ እንደ ሆነ ሌላ ሕግ ይቀበለዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ኢንሹራንስ ባልያዘ ሰው ላይ ይጥል የነበረው ቅጣት ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዜሮ ቢወርድም ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድ የየራሳቸውን ቅጣት ያስከፍላሉ።

እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሊዛወር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገውን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ።

ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት የቀድሞው ኢንሹራንስ የሚያበቃበትንና አዲሱ የሚጀምርበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። በመካከላቸው ክፍተት ካየ፣ በምን እንደሚደፍነው ያን ጊዜውኑ ይወስን። አዲሱ መጀመሩ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አሮጌውን አያቋርጥ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም ሌላ ዘወትር የሚወሰድ መድኀኒት ያለው ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ ኢንሹራንሱ እስከ ፈቀደ ድረስ የብዙ ቀን መድኀኒት ይያዝ። የሕክምና መዝገቡን ቅጂ ይጠይቅ፤ ይህ በሕግ የተሰጠው መብት ነው። የልጆቹን የክትባት ወረቀት በሻንጣው ውስጥ ሳይሆን በእጁ ይያዝ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ይጠይቀዋልና። ለፖስታ ቤቱ፣ ለቀድሞው አሠሪውና ለኢንሹራንሱ አዲሱን አድራሻ ይስጥ። በደረሰም ጊዜ የቤት ኪራይ ውሉንና የመብራት ወይም የውሃ ሂሳቡን ያስቀምጥ፤ መዛወሩን የሚያስረዱለት እነርሱ ናቸው።

በክፍተቱ መካከል ድንገተኛ ሕመም ቢደርስስ? ሰውየው ገንዘብ ፈርቶ ቤቱ አይቀመጥ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ሕግ መሠረት የሜዲኬር ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ካለው፣ የመጣውን ሕመምተኛ የመክፈል ችሎታውን ሳይመለከት ሊመረምረውና ከአደጋ ሊያወጣው ግዴታ አለበት። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ደግሞ ከግዛቱ ውጭ በድንገት ቢታመም፣ ከጃንዋሪ 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ ውል በሌለው ሆስፒታል በመታከሙ ብቻ ከሌላው ሰው የበለጠ ድርሻ እንዲከፍል አይደረግም። በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አልተጠቃለለም።

ቋንቋ ያልቀናው ሰውም አይፈር። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ጽሕፈት ቤቶች ያለ ዋጋ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባቸዋል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መለመን አይደለም፤ መብትን መጠየቅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅን ስለ እናቱ ሕመም እንዲያስተረጕም ማድረግ ግን ለልጁም ለእናቱም የማይገባ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ያ ሰው ከሜሪላንድ ሲነሣ አዲሱን አድራሻውን ለቀድሞው መሥሪያ ቤት አልሰጠም ነበር። ስለ ኮብራ የሚያስታውቀው ደብዳቤ የሄደው ወደ አሮጌው ቤት ነው። ደግነቱ ከጎኑ ይኖሩ የነበሩ አንዲት የአገራችን እናት፣ በስሙ የመጡትን ደብዳቤዎች ሰብስበው በአንድ ፌስታል አስቀምጠውለት ኖሮ፣ የመታመሙን ወሬ ሲሰሙ ሁሉንም ላኩለት። ሲከፍተው የተሰጠው 60 ቀን ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ሕጉ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል ለየብቻው መምረጥን ስለሚፈቅድ ለራሱ ብቻ መረጠ። የሦስት ወሩን ገንዘብ ተበድሮ ከፈለ፤ ኢንሹራንሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ያን ሌሊት ሸፈነለት። ከሆስፒታሉ ዕዳ የቀረበት የራሱ ድርሻ ብቻ ነው። ቍስሉን ለማሳየት በቴክሳስ የሄደበትን ሐኪም ግን የቀድሞው ኢንሹራንስ ስላልተዋዋለው ከኪሱ ከፈለ።

አክስቴ ዛሬ ስለዚህ ነገር ስታወራ ጎረቤቲቱን ትመርቃለች፤ ምርቃቱም ይገባቸዋል። ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያስቀምጥ ጎረቤት ለሁሉም ሰው አይገኝም። ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ ማታ በዚያ አገር ካለው ልጃችሁ ጋራ በስልክ ስትነጋገሩና «ቤት ልለውጥ ነው» ሲላችሁ፣ «እግዚአብሔር መልካም ያድርግልህ» ካላችሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፤ «ኢንሹራንስህ የሚያበቃው መቼ ነው? አዲሱስ የሚጀምረው መቼ ነው?» በሉት። ሁለቱን ቀኖች አጥርቶ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ጠይቆ እንዲያረጋግጥ ምከሩት።